ፊት ለፊት ያልተነበበ ኑዛዜ

ሰው ቤት ልገዛ ነው ብሎ ሲያማክረኝ ስለ ጣሪያውም ስለ ግድግዳውም አልጠይቅም። «ውሉ ላይ የማን የማን ስም ይገባል?» ነው የምለው። ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ የሰበታው ቤታችን እንዴት ከእጃችን እንደወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

አባቴ ከመንዝ መጥቶ ሰበታ ላይ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ስትሞት ታላቅ እህቱ ልታሳድገኝ መጣች፤ በዚያው ቀረች። አባቴ እትዬ ይላት ስለነበር እኔም እትዬ እያልኩ አደግሁ። ቤቱን ከነግቢው ከአንድ የሰበታ ኦሮሞ ገበሬ ሲገዛ ገንዘቡ ስላልበቃው ሁለት ላሞቿን ሸጣ ሞላችለት። ውሉ ሲጻፍ ግን እሷ ጓዳ ሆና ለሽማግሎቹ ጠላ ትቀዳ ነበር። ስሟን ያነሳ ሰው አልነበረም። «ወንድምና እህት ምን ውል ያስፈልገናል!» ያለችውም ራሷ ናት።

ዓመታት አልፈው አባቴ በጠና ሲታመም ነገሩ ከነከነው። ልጆቹ ሁለት ነን፤ እኔና ከእናቴ በፊት ከሌላ ሴት የወለደው፣ አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ። ልጅ እያለ እህት አትወርስም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አስጠርቶ ተናዘዘ፤ ሱቁና ሸቀጡ ለልጆቹ፣ ቤቱ ለእህቱ። ያኔ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገና አዲስ ነበር። ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ እዚያው ይፈረም ይላል። ጸሐፊው ይህን ያውቅ ነበር። አራት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ አንዱ ቤቱን የሸጡልን ገበሬ ነበሩ።

ጨዋነታችን ጉድ የሠራን እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ በየተራ መጡ፣ «እግዜር ይማርህ» አሉ፣ ትንሽ ተቀምጠው ሄዱ። ሰውየው ዓይኑ እያየ ንብረቱ ሲከፋፈል ቁጭ ብሎ መስማት ሞቱን እንደመጥራት ሆነባቸው። አባቴም ትልልቅ ሰዎችን አልጋዬ ድረስ ሰብስቤ አላስጨንቅም ብሎ ተሳቀቀ። ጸሐፊው ወረቀቱን ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። አንደኛው ፈረሙ፤ ሦስቱ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ግርጌው ላይ ግን «በአራቱም ምስክሮች ፊት ተነቦ» የሚል ነበረበት። ጸሐፊው እጁ ስለለመደው ጽፎት ነው።

የአባቴ ተዝካር እንደወጣ ወንድሜ ከሰሰ። ኑዛዜው በምስክሮቹ ፊት አልተነበበምና ይፍረስ፣ ቤቱም ይሸጥና እንካፈል አለ። ዳኛው መጀመሪያ የጠሩት ገበሬውን ነው።

«አባባ፣ ኑዛዜው ሲነበብ አንቱ እዚያ ነበሩ?»

ሽማግሌው በመስቀል ምለዋል። እትዬን አየት አደረጓትና አንገታቸውን ደፉ። «አልነበርኩም፣ ጌታዬ። ወረቀቱ ቤቴ መጣ። ሰው ሳይሞት ኑዛዜውን መስማት ሰፉ ነው፤ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ላሞቹ ግን የእሷ ነበሩ። ዋቃ፣ እግዜሩ ያውቃል።»

«ስለ ላሞቹ ውሉ ላይ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

የቀሩት ሦስቱም ተራ በተራ ያንኑ መሰከሩ። ኑዛዜው ፈረሰ። ቢዋሹ ኖሮ ቤቱ የእትዬ ይሆን ነበር፤ ይህን እያሰብኩ ስንት ዓመት አንጀቴ አርሯል። ወንድሜንስ ስግብግብ ነው ብዬ ተውኩት። እነዚህን ግን ምን ልበላቸው? ተቀምጦ መስማት ያፈሩ፣ መዋሸት ደግሞ የፈሩ አራት ደግ ሰዎች! ዳኛውንም ልጠላ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሕጉ ያለውን ነው የፈረደው።

የወንድሜን ድርሻ ለመግዛት አቅም አልነበረኝምና ቤቱ ተሸጠ። እትዬ ቁልፉን ከማስረከቧ በፊት ግቢውን ጥርግ አድርጋ ጠረገችው። «ለማን ብለሽ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ጋቢዋን ለበሰች። ያን ዕለት ቡራዩ፣ እኔና ባለቤቴ ወደምንኖርባት የኪራይ ቤት ይዣት መጣሁ። ስለ ሰበታ ዳግመኛ አላነሳችም።

ኋላ አልጋ ላይ ስትውል ግን ድንገት «ጸሐፊና አራት ሽማግሌ ጥሩልኝ» አለች። «ቤቱን የሸጡልን የሰበታው ገበሬም ይምጡ።»

«ምን አለሽና ነው እትዬ?»

«ጥሪልኝ አልኩሽ።»

ሽማግሌው ጉልበታቸው ደክሞ፣ በአውቶቡስ ተሳፍረው መጡ። «አካም ጅርታ?» ብለው እንዴት እንደሆነች ጠየቋት፤ «ፈያ» አለቻቸው፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። ከሦስት የቡራዩ ሽማግሌዎች ጋር አልጋዋ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጸሐፊው እሷ ያስጻፈችውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ቤት የለኝም። ያለኝ አንድ ጋቢና አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ሁለቱም ለወንድሜ ሴት ልጅ ይሁኑ።»

የሰበታው ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ወደ በሩ ሊሄዱ ነበር።

«ይቀመጡ» አለች እትዬ፣ በዚያ በደከመ ድምጿ። «ገና አልተፈረመም።» ወደ ጸሐፊውም ዞረች። «አንተ፣ ከላይ ጀምረህ ድገመው።»

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። ጸሐፊው «ቤት የለኝም» ብሎ ሲጀምር በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ተነቦ እስኪያልቅ ግን አልተነሡም።