የማይተኛው ሰው ሆድ

እንቅልፍ የሚወድ ሰው እንቅ ነበር። በመተማ ቆላ፣ በአንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ካቦ ሆኜ ስሠራ ጥላ ሥር የተጋደመ የቀን ሠራተኛ ባየሁ ቁጥር እንደ ሌባ እመለከተው ነበር። ንቀቱን የተማርኩት ከእርሻው ባለቤት ነው።

ሰውየው ከአራት ሰዓት በላይ ተኝቶ እንደማያውቅ ለሚሰማውም ለማይሰማውም የሚያወራ ባለሀብት ነበር። «ሌላው ዕድሜውን በእንቅልፍ ይጨርስ» ይላል፣ ሸሕዲ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጦ። የሰሙት ሁሉ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኔም ነቀነቅሁ። አልበላም ብሎ የሚኮራ ሰው ቢመጣ እንስቅበት ነበር። አልተኛም ብሎ ለሚኮራው ግን ወንበር እንለቃለን። ያን ያህል ሞኞች ነበርን።

እኔም እንደ እሱ ለአራት ሰዓት ብቻ መተኛት ጀመርኩ። ከሁሉ ቀድሜ ተነሥቼ ትራክተሩ አጠገብ እቆማለሁ። ሥራ ኖሮኝ አይደለም፤ ነቅቼ ልታይ ብዬ ነው። ጠዋት ሻዬን በአምስት ማንኪያ ስኳር እጠጣለሁ። ረፋድ ላይ እጄ ከሱዳን ወደሚመጣው ብስኩት ይሄዳል። ምሳ በልቼ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ይርበኛል። ቀኑን ሙሉ ከማሳ ማሳ በእግሬ እየዞርኩ ሆዴ ገፋ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቀበቶ ለወጥኩ። ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ይውላሉ፣ የማሽላ እንጀራቸውን በሽሮ ይበላሉ፣ ሲመሽ ወዲያው ይተኛሉ። በመካከላቸው አንድም ቦርጫም አልነበረም። ይህን እያየሁ እበልጣቸዋለሁ ብዬ አምን ነበር።

ባለሀብቱ ከእኔም ብሶ ወፈረ። ጥፋቱን በሚስቱ ላይ ጣለ፤ «ቅቤ እያበዛሽ ፈጀሽኝ» ይላታል። እንጀራ ተወ። ቀጥሎ አንድ ነጋዴ ከሱዳኗ ገላባት ያሻገረለትን የሚያከሳ ሻይ መጠጣት ጀመረ፣ ለእኔም አካፈለኝ። ሁለት ቦርጫሞች መራራ ቅጠል እያፈላን ጠጣን። ተቅማጥ ያዘን፤ ቦርጩ ግን እዚያው ነበር።

በዚያ ዓመት ሰሊጡ በአንድ ጊዜ ደረሰ። ሰሊጥ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም፤ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ባለሀብቱ የቀትር ዕረፍት ይቅር አለ። ሠራተኞቹ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ራኩባ ውስጥ፣ ከእንጨትና ከሣር በተሠራው ዳሳቸው፣ ጋደም ይሉ ነበር። ትእዛዙን ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ደስ እያለኝ።

አንድ ጎጃሜ ብቻ እንዳልሰማ ሆኖ ተኛ። ፀጉሩ የሸበተ፣ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። በእግሬ ነካ አድርጌ ቀሰቀስኩት።

«ተነሥ። ከአገርህ የመጣኸው ለመተኛት ነው?»

ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ጌታዬ፣ የተነሣነው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ትንሽ ጋደም ካልኩ ከሰዓት በኋላ እጄ አይዝልም። እርስዎም ጋደም ቢሉ ደግ ነበር፤ ዓይንዎ ደም መስሏል።»

እሱ «እርስዎ» ይለኛል፣ እኔ «አንተ» እለዋለሁ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው አንተ እንደማይባል ጠፍቶኝ አይደለም። በዚያው ቀን አባረርኩት። ጨርቁን ጠቅልሎ፣ ማጭዱን ይዞ ወደ አስፋልቱ ሲያቀና ኩራት ተሰማኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም ነበር። በኋላ፣ ልብ ስገዛ፣ ሸሕዲ የቀን ሠራተኞች የሚቀጠሩበት ቦታ ሄጄ ፈለግኩት። «ሽበታም ጎጃሜ» ስላቸው «ስንቱን?» አሉኝ። አላገኘሁትም።

እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባለሀብቱ ፒክአፑን እየነዳ እንቅልፍ ጣለው። መኪናው እንዲደርቅ የቆመውን ነዶ ጥሶ ገባ፤ የስንት ሰው ድካም አቧራ ላይ ፈሰሰ። ሮጠን ስንደርስ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። ሠራተኞቹ ከበው ቆሙ። አንድም የሳቀ የለም። ነቃና ዙሪያውን አየ።

«ይህን ነዶ እዚህ ያቆመው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። እኔ አልነበርኩም። ሎሌነቴ እስከዚያ ድረስ ነበር።

ባለሀብቱ የእግሩ ጣት ላይ ትንሽ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አላገኘውም። የተላጠችው ግን አልድን አለች። ወር ሲሞላት ሸሕዲ ወደ አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ ወሰድኩት። የደሙን ስኳር መረመረች፣ ግፊቱን ለካች፤ ሁለቱም ከፍ ብለዋል፣ ስኳር ይዞዎታል አለችው። ከዚያ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠየቀችው።

«አራት» አለ፣ እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ።

«ይሄ አያኮራም» አለች ረጋ ብላ። «እንቅልፍ ሲያንስ ሰውነት ረሃቡን ያበዛል፣ ጥጋቡን ያሳንሳል፤ ጣፋጭ ያሰኛል። የበሉትን ስኳርም በወጉ መጠቀም ያቅተዋል። በሽታውን ያመጣው እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው አልልዎትም፤ ውፍረቱም ዘርም አለበት። ግን ካልተኙ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃዎትም። ደግሞ እንደሚያንኮራፉ ያመጡዎት ሰው ነግረውኛል። ሲተኙ ትንፋሽ እየተቋረጠብዎት እንዳይሆን ጎንደር ሄደው ይታዩ።»

«እንደ ሥራ ፈት ልተኛ? ልጄ፣ የተማርሽበት መጽሐፍ እርሻ አያውቅም።»

ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ?»

«እኔም አራት» አልኩ። ድምፄ ግን እንደ እሱ አልሞላም። ወገቤን በሜትር ለካች፣ ጻፈች፣ ደሜንም መረመረች። «ስኳር ገና አልያዘዎትም፤ ግን የበሩ ደፍ ላይ ነዎት» አለችኝ።

እሱ ከበር እንደወጣ ለጎንደር ሐኪሞች የጻፈችለትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ጎንደርም አልሄደም። የሄደው እግሩ ከጠቆረ በኋላ ነው። ሁለት የእግር ጣቱን ቆርጠው ነፍሱን አተረፉ። እርሻውን ልጁ ይመራዋል። እሱ ዛሬም ጎንደር ቤቱ ተቀምጦ «ሥራ ነው እንዲህ ያደረገኝ» እያለ ይተርካል፤ ጠያቂዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እኔ ፈራሁ። ጀግና ሆኜ ሳይሆን ፈርቼ ነው የተኛሁት። ካቦነቱን ትቼ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ተቀጠርኩ፤ በጊዜ መተኛት ጀመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልጋ ላይ ስወጣ የሚያየኝ እንዳለ ሁሉ አፍር ነበር። ወር አልፎ አንድ ረፋድ ላይ ብስኩቱን ሳላስበው ማርፈዴን አስተዋልኩ። ቦርጤ ቀስ እያለ ጎደለ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልሄደም። ስኳሬንም በየጊዜው እለካለሁ። በቀትር ከጆንያዎቹ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ጋደም እላለሁ። ጫኞቹ ሰነፍ ይሉኛል፤ እየሰማኋቸው እንቅልፍ ይወስደኛል።