ቆርቆሮ የሌለው ቤት

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ወደ ሐዋሳ ተነሣሁ። የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፣ አባቴን አንድ በር ለማስገባት ነው። ታናሽ እህቴ ምሕረት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ዳር፣ አባባ በሰጧት የእርሻ ቦታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሠርታ እሑድ ልታስመርቅ ነው። አባባ ግን «ቆርቆሮ የሌለው ቤት ክረምት አይችልም፣ እኔ ደጅ ቆሜ እጸልያለሁ» ብለዋል። በእኛ ቤተሰብ ደግሞ አባት ገብቶ ያልጸለየበት ቤት አልተመረቀም። ምሕረት ስልክ ላይ አለቀሰች።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ታላቅ እህቷም አላመንኳትም። ሻንጣዬ ውስጥ ከመርካቶ የገዛሁት ሰፊ ሸራ ነበር፣ ምናልባት ካፈሰሰ ብዬ።

መቂ ላይ በመቶ ሃምሳ ብር አንድ ሐብሐብ ገዛሁ። ሐዋሳ ስንገባ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ከከተማው ፒያሳ ባጃጅ ይዤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ደረስኩ።

ቤቱን ሳየው አፌን ያዝኩ። ግድግዳው አንድ ክንድ የሚወፍር ድንጋይ ሆኖ በኖራ ነጥቷል። መስኮቶቹ ጠባብ፣ በሮቹ ቅስት ናቸው። ጠፍጣፋው ጣራ ትንሽ አዘንብሎ የዝናቡን ውሃ በቦይ ወደ ግቢው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይልካል። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ለሙቀቱም ለውሃውም ብለው ድሮ እንዲህ ይሠሩ ነበር አለችኝ ምሕረት። አልጋዎቹ ግን የሲዳማ ቀርከሃ ናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ወዲያው የዳርኛው ክፍል ጥግ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ሲያባራ እኔና ምሕረት ከግንበኛው ከጋሽ ዱካሞ ጋር ጣራ ላይ ወጣን። ጥጉ ላይ አራት ፌሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ውሃው የገባው በእነሱ ሥር ነው። ፕላኑ ላይ የለም። ጋሽ ዱካሞ አንገቱን ደፋ።

«ነገ ፎቅ ልጨምር ብትይስ ብዬ ነው። ጣራ ላይ ፌሮ ሳይተዉ መውረድ ሟርት መሰለኝ» አለ።

በእኛ አገር መቼም ቤት ተሠርቶ አያልቅም! ምሕረት ልትቆጣ ጀምራ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ዱካሞ ብረቶቹን በሴጌቶ መጋዝ ቆረጠ፣ ኖራ ከሸክላ ዱቄት ጋር ለውሶ ሥራቸውን ደፈነ። ሸራዬን ለአንድ ሌሊት አለበስነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ሲሰበሰቡ ሰማዩ ጠቆረ። ሸራው ይቆይ ብዬ ለመንኳት። እሷ ግን ወጥታ አነሣችው፣ አጣጥፋም እጄ ላይ አኖረችው። «አባባ ሸራ አይተው ከሚገቡ ቢቀሩ ይሻለኛል» አለች።

ዝናቡ ወረደ ከማለት ተገለበጠ ማለት ይሻላል። ሰው ሁሉ ገባ፣ አባባ ብቻ ጃንጥላ ዘርግተው ደጅ ቀሩ። ዓይናቸው ግን ከጣራው በቦይ እየተንደረደረ ከሚወርደው ውሃ ላይ አልተነሣም። ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁ። ምሕረት የጉድጓዱን ክዳን ከፍታ አሳየቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉ ሰው ናቸው፣ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ እሷው በበሩ አስገብታ ወደ ዳርኛው ክፍል ወሰደቻቸው።

«ትናንት እዚህ ጋ አፍስሷል አባባ። ይዩት» አለች።

ጥጉን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ደረቅ ነው» አሉ።

መሃል ቤት ቆመው ጸሎት ጀመሩ፣ ያውም በጩኸት! በዝናብ ጊዜ የሚጸልዩት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፣ የቆርቆሮው ጩኸት ድምፅን ይውጣላ። እዚህ ግን ጩኸታቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው። አቋርጠው ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ተሰማ። «አሜን» ስንል ምሕረት እንደ ሕፃን አነባች፣ እኔም አልቀረሁም። እህቴ አሸነፈች!

ሰኞ ማታ አዲስ አበባ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሸራ ከመያዜ በፊት ወገኔን ማመን እንደነበረብኝ ነው። ይህን እየጻፍኩ ዝናብ ጀመረ፣ ስልኬም ጠራ። አባባ ነበሩ፣ ከእንግዳ ማረፊያው። ከሁለት ቃል አንዱን አልሰማም።

«እዚህም እኮ እየዘነበ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «የሚጮኸው ያንቺ ቆርቆሮ ነው። ያቺን ሸራ አልብሺው።»