የእናቴ የበረዶ መጥረጊያ

ብረት አስፋልት ሲፍቅ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ይሰቀጥጠኝና ወዲያው ሳቄ ይመጣል፤ ያ ድምፅ እናቴ በጠራራ ፀሐይ፣ በረዶ በማያውቀው የስደት ከተማችን፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ የበረዶ መጥረጊያዋን እየጎተተች ያለፈችበትን ቀን ይመልስልኛል።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ትሠራበት የነበረውን የፓርኪንግ ዳስ ትታ በእሱ ፒክአፕ ዕቃ ማመላለስ ጀምራ ነበር። በበጋው ሥራ ሞልቶ ነበር፤ ወደ ዌስትውድ ቤት ለሚቀይር ተማሪ አልጋውን፣ ለፌርፋክስ ምግብ ቤቶች የሽንኩርት ጆንያውን ጭና፣ እኔን ከጎኗ አስቀምጣ ስትነዳ ትውል ነበር። ብርዱ ሲገባ ግን ዕቃ የሚያስጭን ሰው ይጠፋና ፒክአፑ ሃውቶርን ሰፈር ያለው አፓርታማችን በር ላይ ተገትሮ ይከርም ነበር። አንድ ዓመት እንዲህ ከከረመ በኋላ እናቴ ወይ ፒክአፑን ሸጣ ወደ ዳሱ መመለስ፣ ወይ ለብርዱ ወራት የሚሆን ሥራ መፈለግ ነበረባት። እሷም ቀና ብላ ከከተማው ጀርባ ያሉትን ተራሮች አየች። እዚያ በረዶ ይወርዳል፣ መንገዱን የሚጠርግም ሰው ይፈለጋል።

መስከረም ሲጠባ ከመኪና ፊት የሚታሰረውን፣ በረዶ የሚገፋውን ሰፊ ብረት ልትገዛ መሆኑን ተናገረች። ወሬው ፌርፋክስን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ባልና ሚስት የተጣሉ ይመስል ሽማግሌ ተላከብን! የአባቴ የታክሲ ባልደረባ የነበሩት ጋሼ ታደሰ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር መጥተው ሶፋችን ላይ ተደርድረው ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሚኝ ልጄ፣ በረዶ በሌለበት አገር ስኖው ፕላው ምን ይሠራልሻል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ፒክአፑን ሴል አድርጊና ወደ ዳስሽ ተመለሺ፤ አርፈሽ ልጅሽን አሳድጊ።»

«ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ» አለች እናቴ። «ልጄን የማሳድገው ግን በፒክአፑ ነው።»

ዳሱ ውስጥ ሰው ፊቷን ሳያይ ቁልፍ እየወረወረላት ያሳለፈቻቸውን ዓመታት እኔም አስታውስ ስለነበር፣ እንደማትመለስ ከአነጋገሯ ገባኝ።

ሽማግሌ አንዴ ከገባ ግን ባዶ እጁን መውጣት አይወድም። ጋሼ ታደሰ «ኦኬ፣ መግዛትሽ ካልቀረ ብቻሽን አትሄጂም» ብለው ተራራው ግርጌ ወዳለ ሻጭ አብረውን ሄዱ። ሻጩ ወዲያው ወደ ትልቁ መጥረጊያ ወሰደን፤ መሐሉ ላይ ታጥፎ ወደፊት የሚሾል፣ የሚያስፈራ ብረት ነበር። እናቴ የፒክአፑን በር ከፍታ፣ የፊት ጎማዎቹን የሚሸከመው አክስል የሚችለውን ክብደት በሩ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብባ፣ ጥግ ላይ ወደቆመው ትንሽና ቀጥ ያለ መጥረጊያ ጠቆመች። ሻጩ ሳቀባት። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ይኼኔ ጋሼ ታደሰ የለመዱት ሥራ መጣላቸውና እጃቸውን ዘርግተው በሁለቱ መሐል ገቡ።

«እሱ ትልቁን አለ፣ አንቺ ትንሹን፤ ሶ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ተዉና መካከለኛው ይሁን!»

«ጋሼ፣ እርቅ ለሰው ነው» አለች እናቴ። «ይኼ አክስል የሚችለው የሚችለውን ብቻ ነው፤ ቢለምኑትም አይሰማዎትም።»

ትንሹን ገዝታ ከፒክአፑ ፊት አሳሰረች። ስንመለስ ሆን ብላ በፌርፋክስ በኩል ዞረች፤ ምግብ ቤቶቹ በር ላይ የተቀመጠው ሁሉ እንዲያይላት መጥረጊያውን መሬት አስነክታ፣ ብረቱ እየጮኸ፣ ቀስ ብላ አለፈች። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ከመቀመጫው ሥር ልገባ ጎንበስ ስል «ቀና በይ!» አለችኝ፤ ቀና አልኩ።

በታኅሣሥ ወደ ተራራው ወጣን። በመጀመሪያው ቀን የአንዱን ደንበኛ የፖስታ ሳጥን ገጭታ ጣለችና ራሷ መዶሻ ይዛ መልሳ ተከለችው። ከዚያ በኋላ ግን በየቤቱ ጠባብ መግቢያ እየገባች ስትጠርግ ትውል ነበር፤ አንድ ቀን ትልቁን ዓይነት መጥረጊያ ያሰረ እንደኛው ያለ ፒክአፕ የፊት አክስሉ ተሰብሮ፣ አፍንጫውን ደፍቶ መንገድ ዳር ቆሞ አየን። እናቴ ማፏጨት ጀመረች። በረዶው ቀልጦ ወደ ሽንኩርት ጆንያችን ስንመለስ ፌርፋክስ ላይ «እትዬ በረዶ» የሚል ስም ወጥቶላት ጠበቃት፤ በዚያ ስም ሲጠሯት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አቤት!» ትል ነበር፣ እኔም እኮራ ነበር።

ዛሬ ወደ ተራራው የምነዳው እኔ ነኝ፤ የእናቴ ጉልበት ብርድ አልችል ብሏል። ባለፈው መስከረም አንዲት ወጣት በመኪና ላይ ኩሽና ሠርታ ምግብ ልሸጥ ብላ ስትነሳ ዘመዶቿ ሽማግሌ ሰበሰቡባት፤ ያረጁት ጋሼ ታደሰም እናቴን ከሽማግሌዎቹ ጋር እንድትቀመጥ ጠሯት። ስለ ቆጡና ስለ ብብቷ ተነግሮ ሲያበቃ፣ እናቴ ልጅቷን «መኪናሽ ምን ያህል ጭነት ይችላል?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሳታመነታ መለሰች። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና «በሉ እንሂድ፤ ልጅቷ ሥራ አለባት» አለቻቸው። ያኔ እናቴ የተቀመጠችው ከሽማግሌዎቹ ፊት ነበር፣ ዛሬ ከጎናቸው ነው፤ መልሷ ግን ያው ነው።