የረባሾች ዝርዝር

«ልጆች ናቸው፤ ሲያድጉ ይተዉታል» ይባላል። አይተዉትም። በሰው የሚሳለቅ ተማሪ አድጎ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲሆን አይቻለሁ፤ የቀየረው የሚሳለቅበትን ሰው ብቻ ነው። የተሳቀበትም ልጅ አድጎ ስብሰባ ላይ እጁን የማያነሳ ሰው ይሆናል፤ እኛም «ጨዋ ነው» እንለዋለን።

መምህርነት የጀመርኩት ዳንግላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ርዕሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ ዳስተርና የስም መጥሪያ አስረከቡኝ። የማስተማር ዘዴ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ዋናው ጎበዝ የክፍል አለቃ መምረጥ ነው። እሱ የረባሽ ስም ይጻፍልህ፤ አንተ አርፈህ አስተምር» አሉኝ።

አለቃ መምህር በሌለበት ክፍሉን የሚጠብቅ ተማሪ ነው። ያወራውን ይጽፋል፤ መምህሩ ሲገባ ወረቀቱን ያስረክባል። ስለ ልጆች ጠባይ ብዙ መጻሕፍት አንብቤ ነበር። ከሁሉም የሠራልኝ ይህ ምክር ሆነና ሃያ ዓመት ያህል ከወረቀቱ ጋር በሰላም ኖርኩ።

እንጅባራ ተዛውሬ የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ ስሆን ሄኖክን አለቃ አደረግኩት። ምክንያቴ የእጅ ጽሑፉ ማማሩ ነበር። በዚያ ባማረ ጽሑፍ በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ስም ይመጣልኛል፤ ደብሬ። ከዘንገና ሐይቅ በኩል ከገጠር በእግሯ የምትመጣ፣ እቤቷ አዊኛ የምትናገር ልጅ ናት። ስሟ በተጻፈ ቁጥር ክፍል ትጠርጋለች። ቅጣቱን የወሰንኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን አልተከራከረችኝም፤ እኔም ዝምታዋን ጥፋቷን እንደማመን ቆጠርኩት።

አንድ ሰኞ አባቷ መሸኛ ፈልገው መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«መምህር፣ ልጄን ረባሽ ትሏታላችሁ አሉ። ቤት እንኳን ልትረብሽ፣ ራት ብይ ስትባል መልስ የላትም። በፊት እንዲህ አልነበረችም። ትምህርቱ ይቅርባትና እንደ ድሮዋ ታውራልኝ።»

እስከ ዓርብ እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው። «እስከ ዓርብ ብቻ» ብለው ሄዱ።

የሄኖክን ወረቀቶች ከመሳቢያዬ አውጥቼ ከተሳትፎ ነጥብ መያዣዬ ጎን ዘረጋኋቸው። በእኔ መዝገብ ከደብሬ ስም ትይዩ አንድም ምልክት የለም። መስከረም ከገባ ጀምሮ እኔ ፊት አንድ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ፣ እኔ ስወጣ ክፍሉን ታውካለች ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም ጽሑፍ በእጄ ነበር። በማንበቤ የምኮራው ሰውዬ ጎን ለጎን አንብቤያቸው አላውቅም።

ጠርቼ ጠየቅኳት። አፏን በከፈተች ቁጥር አነጋገሯን እየጎተቱ «ዘንገና፣ እስኪ ድገሚው» እንደሚሏት፣ መናገር ስታቆም ደግሞ ሄኖክ ስሟን መጻፍ እንደጀመረ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ሄኖክ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥቶ ይቅርታ ይጠይቃት አሉ። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። ለደብሬ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«አይሁን መምህር። አሁን የሚስቅብኝ አንድ ክፍል ነው። ከሰልፉ በኋላ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይስቅብኛል።»

ሰልፉ ቀረ። ሄኖክን ለብቻው ጠርቼ አለቅነቱን ወሰድኩበት፤ ለምን እሷን እንደመረጠም ጠየቅኩት። ሌላ ልጅ ከጻፈ ውጭ ጠብቀው እንደሚመቱት፣ እሷ ግን ለማንም እንደማትናገር ነገረኝ። አልተቆጣሁትም። እኔም እየደጋገምኩ ልቀጣት የቻልኩት በዚያው ምክንያት ነበርና።

ረቡዕ የረባሾቹን ወረቀት ለደብሬ ሰጠኋት። ትንሽ ሥልጣን ቢሰማት ትደፍራለች ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የምትጽፈው ሄኖክን እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም። ተመልሼ ስገባ ስድስት ስም አቀበለችኝ። ሄኖክ የለበትም። ከስድስቱ የሁለቱን መልክ ለማስታወስ ተቸገርኩ።

«እነዚህ ምን አጠፉ?»

«ምንም። ዛሬ አንድ ጊዜም ያልተናገሩ ናቸው።»

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ከሰሌዳው በኩል ሆኜ ለሃያ ዓመት ያላየሁትን፣ ይህች ልጅ እየተሳቀባት ከኋላ ወንበር ሆና ስታይ ከርማለች። የምትበቀልበት ወረቀት ሰጥቻት እንደ እሷ የጠፉትን ፈልጋ አመጣችልኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል።

ሐሙስ ከዝርዝሩ እየጠራሁ ቀላል ጥያቄ ጠየቅኩ፤ እንደ ልማዱ ሳይቆሙ፣ ተቀምጠው እንዲመልሱ። አንዳንዱ ድምፅ እስከ እኔ አልደረሰም፤ ተጠግቼ ሰማሁት።

ዓርብ ጠዋት ደብሬ ሳልጠራት እጇን አነሳች። መልሷ ስህተት ነበር። ከወደ ጥግ ሳቅ ሲጀመር፣ ከስድስቱ አንዷ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ተዉት። መልሱን አረምኩና ከስሟ ትይዩ የመጀመሪያውን ምልክት አደረግኩ።

ከሰዓት አባቷ መጡ። በሩ ላይ ቆማ በአዊኛ ስታወራላቸው ሰማሁ። ምን እንዳለች አልገባኝም፤ ብቻ ረጅም ነበር። አንድ ቦታ ላይ አባቷ ሳቁ። መሸኛውን ሳይጠይቁኝ ሄዱ።

የተማርኩት ይህን ነው፤ የሚሳቅበት ልጅ አይረብሽም፤ የማይረብሽን ልጅ ደግሞ መምህር አያየውም።

መምህር ከሆናችሁ የረባሾቹን ወረቀት ቅደዱት። ነገ ክፍል ስትገቡ፣ ሰሞኑን ድምፁን ያልሰማችሁትን ልጅ በስሙ ጥሩት።