ለሚስ ሩት የበተንኩት ጨው

የትንሽ አውሮፕላን ድምፅ ከተራራው ጀርባ ብቅ ሲል ዛሬም ምላሴ ላይ ጨው ጨው ይለኛል። ለሐኪም ብናገር መድኃኒት ያዝዝልኝ ይሆናል፤ የጂንካ ልጅ ግን ይገባዋል። በእኛ ጊዜ አውሮፕላን የሚያርፈው መሀል ከተማ፣ ላም የሚግጥበት ሣር ላይ ነበር፤ አባቴም የሜዳው ዘበኛ ስለነበር አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ፊሽካውን እየነፋ ከብቱን ያባርር ነበር። እሱ ሲነፋ ወይጦ ወንዝ ድረስ ያለች ፍየል ትደነብር ነበር።

ሚስ ሩት የመጣችው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም ነው። ትምህርት ቤታችን ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አጥቶ ስለከረመ፣ ታላቅ እህቴ አስቴር የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ወድቃ ደግማ ልትፈተን ነበር፤ አሁንም ብትወድቅ ትምህርቷ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ከስኮትላንድ የመጣችው አስተማሪ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ስትገባ፣ እናቴ «ስሟ ሩት ነው። ሩት በመጽሐፍ ቅዱስም ሰው አገር ሄዳ ቀረች እንጂ አልተመለሰችም» ብላ ለሰፈሩ አወጀች። ሚስ ሩት ከቁመቷ የተነሣ ጭንቅላቷ ቤት ገብቶ እግሯ እስኪከተል ጎደሬ ይበስል ነበር።

በእኛ ዘንድ እንግዳን ብቻውን መተው ነውር ነውና ተራ ወጣ። ጠዋት ከትምህርት በፊት ልጆች፣ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ደጃፏ ላይ ተደርድረን እናያት ነበር። የመጽሐፏን ገጽ ስትገልጥ አንገታችን አብሮ ይዞር ነበር። ካልሲዋን ስታጥብ ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ይፈታ ነበር። ጥቅምት ላይ የአገራችን ሁለተኛ ዝናብ በርትቶ ጭቃው እርሻ ሲያስቀር፣ ተቀማጩ ጭራሽ ባሰ። አንድ ቀን ፊቷን ፎጣ ውስጥ ቀብራ ስታለቅስ አይቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ብቸኝነት ነው» አለችና ተቀማጩን ከአምስት ወደ አሥር አሳደገችው።

ኅዳር ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ ሚስ ሩት ሻንጣዋን ሸክፋ ማክሰኞ በአውሮፕላን እንደምትሄድ ለአስቴር ነገረቻት። አስቴር ደብተሯን ዘግታ አልጋ ሥር አስገባችው። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት የእናቴን የጨው ጣሳ ይዤ ሄጄ፣ ሜዳው መሀል ሙልጭ አድርጌ በተንኩት።

የጂንካ ከብት ሠርግ እንደተጠራ ዘመድ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሚስ ሩትን ልንሸኝ ከእናቴና ከአስቴር ጋር ቆመን ሳለ አውሮፕላኑ ሲደርስ፣ አባቴ ጉንጩ ሊፈነዳ እስኪደርስ ፊሽካውን ነፋ፤ አንዲት ላም እንኳ ቀና አላለችም። አውሮፕላኑ ሁለቴ ዞረ፣ የነጂው መነጽር እስኪታየኝ ዝቅ አለ፣ ጥላው በላያችን አለፈ፤ ሰማዩ ራሱ ጎንበስ ብሎ ያየኝ መሰለኝ። ከዚያ ሳያርፍ ከተራራው ጀርባ ተመልሶ ጠፋ።

አባቴ ወደ ሜዳው መሀል ሄዶ ሣር ነጨና ቀመሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማርታ፣ ይህ ሜዳ ጨው ማብቀል የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አስቴር እንዳትወድቅ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

አስቴር መሬት መሬት እያየች ለሚስ ሩት ተረጎመችላት። ሚስ ሩት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሳቁ ሲያልቅ እንባው ግን አላቆመም። ቀጥላ ረጅም ነገር ተናገረች፣ አስቴርም ግራ እንደገባት ወደ እናታችን ዞረች።

«ሰው አልጠላሁም ትላለች። በቀን አንድ ሰዓት በሯን ዘግታ ብቻዋን መሆን ነው የምትፈልገው።»

«ብቻዋን? ምን ልታደርግ?»

«ምንም።»

«እንደ ጸሎት ነዋ» አለች እናቴ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እናቴ በርጩማዋን አውጥታ፣ አርጩሜ ይዛ ደጃፉን ትጠብቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ሳይቀር «ቀስ በሉ፣ ሚስ ሩት ብቻዋን እየሆነች ነው» እያለች ትመልስ ነበር። ዶሮዎቻችን በሹክሹክታ መንጫጫት ለመዱ። እኔም ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ፣ ሰው እንዴት አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳያደርግ ይቆያል እያልኩ እደመም ነበር። አሥራ አንድ ሲሆን በሩ ይከፈታል፣ ሚስ ሩትም ጎንበስ ብላ ትወጣና ከመሀላችን ተቀምጣ ጎደሬ ትልጥ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አውሮፕላኑ ሲመለስ አባቴ ሜዳውን ከፌንጣ ጭምር አጽድቶ ጠበቀው። ሚስ ሩትም ባዶ እጇን መጥታ ከእኛ ጋር ቆመች፤ አርፎ ሲነሣ እጇን አውለበለበችለት። ሁለት ዓመት ቆየች። በመጀመሪያው ዓመት ሰኔ ላይ አስቴር ፈተናውን አለፈች።

ዛሬ አውሮፕላን የሚያርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአጥር በተከበበ አስፋልት ላይ ነው፤ ጨው ብበትን የሚልሰው የለም። እኔም እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኛለሁ። ከሩቅ የሚመጡት አዳዲስ አስተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው በራቸውን ይዘጋሉ፣ ደጃፋቸው ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ሚስ ሩት አልቅሳ ያገኘችው አንድ ሰዓት ለእነሱ ቀኑን ሙሉ ሆኗል። ባለፈው መስከረም አንዷ ያችኑ ሰርቪስ ቤት ተከራየች። የእናቴን በርጩማ አውጥቼ፣ ጎደሬ በሳህን ይዤ ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰዓቴን እያየሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁና አንኳኳሁ።