መንገድ የተሻገረው ሽቦ

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን ሳሎኔን የጠብ ሜዳ አድርገውታል። ታላቁ አምፕሊፋየር ገዛ፤ ታናሹ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች አመጣ። አሁን «ያለ እኔ ዕቃ ያንተ ምን ይሠራል?» እየተባባሉ ይነታረካሉ። እኔ ጥግ ይዤ ሽምብራዬን ስቆረጥም ያደግኩባት ከተማ መካነ ኢየሱስ ትዝ አለችኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እማዬ ጠጅ ቤት ነበራት፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የእትዬ አትጠገብ ጠጅ ቤት አለ። በምን እንደተጣሉ ሁለቱም ረስተውታል፤ መጣላታቸውን ግን አልረሱም።

አጎቴ ከአሥመራ ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች አምጥቶልን ነበር። አምፕሊፋየራችን ግን ትንሽ ናት። በእህቴ ሠርግ ዋዜማ እማዬ በመኪና ባትሪ አስነሥታ ሞከረቻቸው። ድምፁ እንደ በሽተኛ ቀጠነ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ብታዞረው ተሰነጣጠቀ፤ ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ አምፕሊፋየሯ ጭስ ተፍታ ዝም አለች።

እትዬ አትጠገብ ደጃቸው ላይ ቆመው ለመንገደኛው ሁሉ፣ «ጎተራ ሠርታለች አሉ፤ እህሉ የታለ?» ይሉ ጀመር።

የእሳቸውም ቤት ቢሆን ጎዶሎ ነው። አምፕሊፋየራቸው ጉልበታም ስለነበር ትንንሾቹን ስፒከሮቻቸውን ቀዳዷቸዋል። እኛ አገር አንድ አንድ በሬ ያላቸው ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይባላል። ይህንኑ ለእማዬ ነገርኳት።

«ከእሷ ጋር ከምጠመድ ከጅብ ጋር ብጠመድ ይሻለኛል» አለችኝ።

ግን ከወገዳ ለሚመጡት አማቾቻችን ስለ ሙዚቃችን ገና ድሮ ፎክራለች። ነገ ዝም ያለ ዳስ ካገኙ እህቴን ዕድሜ ልኳን ሊተርቧት ነው። እህቴ ስታለቅስ እማዬ ፊቷን አዞረች፤ እኔም እንደ ፈቃድ ቆጥሬው መንገዱን ተሻገርኩ። እትዬ አትጠገብ «ዕቃዬ ከቤቴ አይወጣም» አሉ። እማዬም «የእኔም አይወጣም» አለች። በመጨረሻ ሽቦው በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ከፍ ብሎ መንገዱን ተሻገረ፤ የጭነት አህዮች በሥሩ ያልፉ ነበር። ስፒከሩ በእኛ ዳስ፣ ሸክላውና ማዞሪያው በእሳቸው እጅ።

በማግስቱ ድምፁ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ከበሮ መታ። ብርሌዎቹ ተንቀጠቀጡ። እንደዚያ ያለ ጥራት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን አልሰማሁም። የሙሽራው አባት ተደንቀው ይህ ሁሉ የማን እንደሆነ ጠየቁ።

«የእኔ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?» አለች እማዬ።

ሸክላው ያለቀው በዚያችው ቅጽበት ነበርና ቃሏ ማዶ ተሰማ። ሌላ ሸክላ አልተከተለም። ሚዜዎቹ ትከሻቸውን ለእስክስታ እንዳዘጋጁ ቀሩ።

«እንግዲያው የራስሽን አዘፍኚያ» አሉ እትዬ አትጠገብ ከደጃቸው።

አንድ የይቅርታ ቃል ይበቃ ነበር። እማዬ ግን ከጣራው ሥር ማጭድ መዘዘች፤ በርጩማ ላይ ወጥታ ሽቦውን ቆረጠችው። እህቴ በጭብጨባ ብቻ ተሸኘች። ወገዳ ስትደርስ «ሽቦ» የሚል ስም ጠበቃት፤ ልጆች ወልዳም አልለቀቃት። የተቆረጡት ጫፎች መንገዱን አሻግረው እየተያዩ ብዙ ክረምት ተንጠለጠሉ። የሚያወርዳቸው ጠፋ፤ ሁለቱ ሴቶችም ሳይታረቁ ሞቱ።

ትናንት ልጆቹ እየተሰዳደቡም ቢሆን ሽቦውን አገናኙት። ያ የጥንቱ ድምፅ ቤቴን ሞላው። በሬዎቹማ ድሮም አልተጣሉም፤ የተጣሉት ባለቤቶቹ ነበሩ። ለእህቴ ደወልኩና ስልኩን ወደ ስፒከሩ ያዝኩላት። ዘፈኑ እስኪያልቅ አዳመጠች።

«ግሩም ነው» አለችኝ። «ማዞሪያው በማን እጅ ነው?»