በነጠላ የተጠቀለለችው ዘፋኝ

ዛሬ አንዲት የፈረንሳይ ዘፋኝ ለቤት ሙሉ ምእመን አሳለምኩ። ቄስ አይደለሁም። በልጅነቴ ድቁና ጀምሬ ነበር፤ ትቼው ነው እያልኩ አወራለሁ፤ እንዴት እንደተተወ መምህሬ ነበሩ የሚያውቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኬንሲንግተን ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩትን እትዬ፣ ልጃቸው ታርኔት ከሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝታ ወሰደቻቸው። ዕቃ ሲጓጓዝ ግን የእመቤታችን ሥዕላቸው ዝናብ ገብቶበት ተበላሸ። ለዛሬ ቤቱን ጸበል የሚረጩ ቄስ ተጠርተዋል፤ በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ላይ ሚስማር ተመትቷል። እትዬ ያለ ሥዕሏ እንቅልፍ አልወስድ እንዳላቸው ላገኙት ሁሉ ይናገራሉ።

«ሥዕሉን ለኔ ተዉት፤ ሥዕል ዐውቃለሁ» አልኩ። መነጽሬን ቤት ረስቼ ወጣሁ።

ዌስት ፉትስክሬይ ካለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ገብቼ አገኘኋት። ሴት ናት፤ ከራሷ ኋላ ቢጫ ክብ አለ፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። ከታች ባዕድ ጽሕፈት። የግሪክ ነው አልኩ። እዚህ የግሪክ አሮጊት ሞልቷል፤ ሃይማኖታቸውም ከኛ አይርቅም። አንዷ ስታርፍ ልጆቿ አምጥተው ጥለውታል ብዬ ልጆቹን በሆዴ ረገምኳቸው። ነጠላዬን አውልቄ ጠቀለልኳትና በባቡር ታርኔት ወሰድኳት። ሰው ሲገፋኝ፣ ቅዱስ ነገር ይዣለሁ ለማለት፣ «ሆሊ፣ ሆሊ» እላለሁ።

ሥዕል ሲገባ ተቀምጦ የሚጠብቅ የለም። ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ። እትዬ ጎንበስ ብለው በነጠላው ላይ ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙ፤ ሌላውም ተከታትሎ ተሳለመ። እኔ ታቅፌያት፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ትሑት መስዬ ቆሜያለሁ።

«ይገለጥ» አሉ ቄሱ። ገለጥኩት።

«አንተ ልጅ» አሉ እትዬ፤ ከሳቸው ዘንድ ዛሬም ልጅ ነኝ። «ይቺ ምን ሆና ነው ባንድ ዓይን?»

በኛ አሣሣል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያይሃል። በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ዛሬ ግን አንድ ሰው ተገኘ።

ልጃቸው ጠጋ ብላ የታችኛውን ጽሕፈት አነበበች። «ጋሼ፣ ሲንገር ናት እኮ! ድሮ ፈረንሳይ ቲያትር ቤት የምትዘፍን። ቢጫው የመድረክ ላይት ነው።»

«እጇ ለምን ጠቆረ?»

«ረጅም ጓንት ነው፣ እማዬ።»

«አፏንስ ምን አስከፈታት?»

«እየዘፈነች ነዋ!»

«እኔ እየጸለየች መስሎኝ» አልኩ።

ልጅቷ ሊቶግራፍ ይባላል፣ ድንጋይ ላይ ተስሎ የሚታተም ነው ብላ አስረዳችን። «ጽላትም እኮ...» ብዬ ጀምሬ ቄሱን አየሁና ተውኩት። እሳቸው በሁለቱም ዓይናቸው ነበር የሚያዩኝ።

እትዬ አልሳቁም። ሚስማሩን እያዩ፣ «እንግዲህ ባዶ ግድግዳ ሊባረክልኝ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ። ያኔ ቀልዱ ሁሉ አለቀብኝ።

ቄሱ ዘወር ብለው ወጡ። ተቆጥተው ሄዱ ብለን ተያየን። ጥቂት ቆይተው፣ መኪናቸው ውስጥ ከመስታወቱ ሥር የምትንጠለጠለውን ትንሽዬ እመቤታችንን ፈትተው ይዘው ተመለሱ፤ ሚስማሩ ላይ ሰቀሏት። መዳፍ አታክልም። እትዬ ግን ልክ ግድግዳውን የሞላች ያህል ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆሙ፤ ጸሎቱም ተጀመረ። ጸበሉ ሲረጭ ኮሪደር ላይ ለተደገፈችው ዘፋኝም ደረሳት።

ቄሱ ሲሄዱ እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው።

«አባ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው፤ ምትኳን አመጣለሁ።»

«መነጽርዎን አድርገው» አሉኝ ሞተሩን እያስነሱ። «እስኪያመጡልኝ ድረስ እኔ በግራው፣ በዝግተኞቹ መስመር፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»